አፍንጫው የነካው ወንዝ

«አንቺ ሴትዮ! መጀመሪያ ዓለምን በበረኪና አጠብሽው፤ ዝም አልኩሽ። አሁን ደግሞ በእስክሪብቶ ትሞነጫጭሪው ጀመር፣ ማለት ነው? የትምህርት ቤት ግድግዳ እኮ ነው፣ ማለት ነው! የእናትሽ ጓዳ አይደለም፣ ማለት ነው!»

ዳይሬክተራችን ናቸው። ድምፃቸው የሚወጣው በአፍንጫቸው ነው፤ አፋቸውን ለ«ማለት ነው» ብቻ ነው ያስቀመጡት። እኔ ይህን ድምፅ በሩ ላይ ሆኜ ሳወጣው ያረፈዱ ተማሪዎች ቦርሳቸውን ጥለው ይሮጣሉ። አንድ ቀን ራሳቸው ሰምተው ደንግጠው ዞር አሉ፤ ከኋላቸው ራሳቸው የመጡ መስሏቸው። ገደል ማሚቶ የሚሉኝ ለዚህ ነው። የዚሁ ትምህርት ቤት ዘበኛ ነኝ። ከሰባተኛ ክፍል ወጥቼ በሩ ላይ ቀረሁ፤ ያን ያህልም አልራቅሁም።

የሚጮኹባት ደግሞ ወልዋይዋ ናት። ተማሪው «እትዬ ወልውል» ነው የሚላት። ጀርባዋን ግድግዳው ላይ ለጥፋ፣ ጭልፊት እንዳየች ዶሮ ሁለት እጇን ዘርግታ ቆማለች። ሽርጧ ላይ ሰማያዊ ቀለም፣ ጣቶቿ ላይ ሰማያዊ ቀለም፣ አገጯ ላይ ሳይቀር ሰማያዊ ቀለም።

«ጌታዬ፣ እኔን የፈለጉትን ያድርጉኝ። ግድግዳውን ግን አይንኩብኝ። ልጄ እዚህ ጋ ነው» አለች፣ ደረቷ ትይዩ የተሠመረችውን ጠማማ መስመር በክርኗ እየጠቆመች።

አስተማሪዎቹ ተያዩ። ሰሞኑን የመምህራን ክፍል ወሬ አንድ ነው፤ አብዳለች። የታሪክ አስተማሪዋማ ሻይዋን እፍ እያለች፣ «እኔ እኮ ድሮም ዓይኗን ሳየው ደስ አይለኝም ነበር» ትላለች። ድሮ ዓይኗን መቼ አይታው? ያየችው መወልወያውን ነው፣ ጫማዋ እንዳይረጥብ። እንግዲህ ወሬ መወራቱ ካልቀረ ከጅምሩ ካየው ሰው ይሰማ ብዬ ነው እኔ ይሄን መጻፍ የጀመርኩት።

ግድግዳው እንዲህ ነው። ከኮሪደሩ መጨረሻ፣ አንደኛ ክፍል በር አጠገብ፣ ከጉልበት እስከ ኮርኒስ የዓለም ካርታ ተሥሎበታል። ድሮ አንድ የማስታወቂያ ሠዓሊ ነው በዘይት ቀለም የሠራው። ባሕሩ ሰማያዊ፣ በረሃው ቢጫ፣ ወንዞቹ እንደ ደም ሥር ቀጫጭን። እትዬ ደግሞ ቆሻሻ ጠላቷ ነው። ሌላው ሰው ግድግዳው ላይ አገር ሲያይ እሷ የሚታያት የልጆች ጣት ነው። በየጠዋቱ ባልዲዋ ውስጥ በረኪና ጠብ አድርጋ እጇ እስከደረሰ ትፈትገዋለች። አጭር ናት፤ እጇ የሚደርሰው እስከ ምድር ወገብ ነው።

ዓመት በዓመት ላይ ሲደረብ ምን ሆነ መሰላችሁ? ከላይ ያለው ዓለም ወንዙ ሙሉ ነው፤ ዳኑብ አለ፣ ቮልጋ አለ፣ ሚሲሲፒ ከነገባሮቹ እንደ ዛፍ ሥር ተንሰራፍቶ አለ። ከወገብ በታች ግን ጭር ብሏል። አማዞን፣ ያ ከወንዝ ሁሉ ብዙ ውሃ የሚሸከም የተባለለት፣ ደብዛው ጠፍቷል። ኮንጎ የምድር ወገብን ሁለት ጊዜ ስለሚያቋርጥ ከላይ ያለችው ቅስቱ ብቻ እንደ ቅንድብ ቀርታለች፤ ዓይኑ የለም። አውስትራሊያም ራሷ ለመሄድ አንድ ሐሙስ ነው የቀራት።

ልጇ የተማረው እዚሁ ነው። ጠዋት ጠዋት ቦኖ ውሃ ላይ ወረፋ ይዞ ለእናቱ ቀድቶ ስለሚመጣ ሳያረፍድ የዋለበት ቀን የለም። ያረፈደ ቅጣቱ ደግሞ የታወቀ ነበር፦ «አፍንጫ ወደ ግድግዳ!» እንግዲህ ሌላው ዓለምን በመጽሐፍ ሲማር እሱ በአፍንጫው ተማረ። ሲወጣ፣ «ዛሬ የት ዋልክ?» እለዋለሁ። «ወንዝ ዳር» ይለኛል። የሚገርም አነጋገር ነበረው፤ ሳቁ ከቃሉ ይቀድማል። መጀመሪያ ይስቃል፣ ከዚያ ይናገራል፤ እናንተም ምን እንዳለ ሳትሰሙ ስቃችሁ ትገኛላችሁ።

አደገ፤ ግንበኛ ሥር ድንጋይ አቀበለ፣ ሲሚንቶ አቦካ፤ ሥራው ሲጠፋ ጨርቄን ማቄን ሳይል ከጓደኞቹ ጋር ሄደ። «ሥራ ያለበት አገር አለ ይባላል፤ ስደርስ እደውላለሁ» ብቻ ነው ያላት። የት ሄደ ሲሏት በእጇ ወደ አውቶቡስ መናኸሪያው ትጠቁማለች። ከዚያ ወዲያ ያለውን እሷም አታውቅ።

ከዚያ አንድ ጠዋት ስልኳ ጮኸ። ኮሪደሩ ውስጥ ኔትወርክ የለም፤ ባልዲዋን እንዳንጠለጠለች ወደ እኔ ጎጆ ሮጠች። እጇ እርጥብ ስለሆነ ስልኩን እኔ ነኝ ድምፁን ከፍ አድርጌ የያዝኩላት።

ሳቁ ቀደመ። «እማዬ! የት ነው ያለሁት ብልሽ አታምኚኝም። ድሮ አፍንጫዬን ያስጠጉኝ የነበረው ወንዝ ላይ ነኝ! አንቺ በየቀኑ የምትወለውዪው!»

«ወንዝ? የምን ወንዝ? በልተሃል?»

«በልቻለሁ። ማዶው ሌላ አገር ነው፣ እማ! ፀሐይዋ ደግሞ ውሃው በሚሄድበት በኩል ወጣች፤ ብታዪ! አሁን እስከ ጉልበት ነው፣ መሃል መሃሉ አሸዋ ነው። ግን ላይኛው አገር ዘንቧል ይላሉ። ግማሹ ሰው ዛሬ እንሻገር ይላል፣ ግማሹ እንቆይ ይላል። አንቺ ምን ትያለሽ?»

እትዬ ቀና ብላ ሰማዩን አየች። ሰማያችን ጥርት ብሏል፤ ግቢው አቧራ ነው፤ ቅጠሉ ሁሉ ደርቆ ይንኮሻኮሻል።

«ዝናብ? በዚህ በጋ? ማነው የሚያስፈራራህ?» አለች። «ከሰው ኋላ አትቅር፣ ልጄ። ጎድሎ እያለ ተሻገር!»

«እሺ እማ። ማዶ ስደርስ—»

ጭጭ። ስልኩ የሰው ነበር፤ ወይ ባትሪው አለቀ፣ ወይ ባለቤቱ ቀማው። እትዬ ፈገግ ብላ ባልዲዋን አነሳች። «በልቷል» አለችኝ። ያን ቀን ኮሪደሩን ሁለቴ ወለወለችው፣ ከደስታዋ።

ማዶ ስደርስ ብሎ ቀረ። ቀኑ ሄደ፣ ሌላውም ሄደ። በደወለበት ቁጥር መልሰን ስንሞክር አንዲት ሴት በፈረንጅ አፍ ታነበንባለች፤ አፍንጫዋን በልብስ መቆንጠጫ የያዘችው ነው የምትመስለው። እትዬ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ትለጥፍና፣ «ምን አለች?» ትላለች።

«'እባክዎ' አለች።»

«እሺ፣ ከዚያስ?»

«ከዚያ ፈጠነችብኝ።»

ስልኩን ትነጥቀኝና ሴትየዋን ራሷን ታናግራታለች። «እህቴ፣ በወለደችሽ፣ ለልጄ ስጪልኝ። ላስለፈልፈው አይደለም፤ አንድ ቃል ነው።» ሴትየዋ ያንኑ ትደግማለች። እትዬም ያንኑ ትደግማለች። በሕይወቴ ብዙ ሰው አስመስያለሁ፤ ያችን ሴት ግን አንድ ጊዜ በቀልድ ላስመስላት ጀምሬ የእትዬን ዓይን ሳይ ምላሴን ዋጥኩ።

በመጨረሻ የጂኦግራፊውን መምህር ጎትታ አመጣችው። ደግ ሰው ነው፤ ችግሩ አጭር መልስ አያውቅም። ሰዓት ስንት ነው ብትሉት ከፀሐይ ነው የሚጀምርላችሁ። እግሩ የተሰበረ የምድር ሉል አለው፤ ባዶ የወተት ቆርቆሮ ላይ አስቀምጦ ነው የሚያስተምርበት። ሉሉንም ቆርቆሮውንም ታቅፎ መጣ።

«አፍንጫው እዚህ ጋ ነበር» አለች፣ እጇን ግድግዳው ላይ አስቀምጣ። እኔም መሰከርኩ፤ ስንቴ አይቼዋለሁ፣ ቦታው ያው ነው። ከዚያ እጇን አነሳች። ከእጇ ሥር ምንም የለም። ነጭ ልስን።

«ወንዙ የታለ?»

መምህሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ነበረ» አለ።

ብቻ እሱን ነው ያለው። በሕይወቱ የመለሰው አጭር መልስ እሱ ይመስለኛል። እትዬ መዳፏን ገልብጣ አየችው፤ በረኪና የላጠውን፣ የተሰነጠቀውን መዳፍ። ከዚያ ከሽርጧ ጋር አሸችው፣ የሆነ ነገር የሚለቅ ይመስል።

«አይዞሽ እናቴ፣ እናገኘዋለን» አለ መምህሩ። «ወንዝ እንደ ሰው ነው፤ ምንጭ አለው፣ ገባር አለው፣ የሚደርስበት ባሕር አለው። እዚህ አካባቢ ዛምቤዚ፣ ሊምፖፖና ኦሬንጅ ነበሩ። ውሃው ወዴት ይሄዳል አለሽ?»

«ወደታች ነዋ! ውሃ ሽቅብ ይሄዳል እንዴ?»

«ካርታ ላይ እኮ ላይና ታች የለም፤ ሰሜንና ደቡብ ነው ያለው። ናይልን እዪው፣ እዚህ ግድግዳ ላይ ሽቅብ ሲወጣ ነው የምታዪው፤ መሬቱ ላይ ግን ከተራራ ወደ ባሕር ቁልቁል ነው የሚ—»

«አፈር ስሆን፣ የናይልን ተወውና የእኔን ንገረኝ!»

እኔ የልጁን ቃል ደገምኩለት፤ ፀሐይዋ ውሃው በሚሄድበት በኩል ወጣች።

«ምሥራቅ!» አለ መምህሩ ዘሎ። «በቃ፣ ኦሬንጅ ወጣ! እሱ ወደ ምዕራብ ሄዶ አትላንቲክ ነው የሚገባው። ዛምቤዚና ሊምፖፖ ናቸው ወደ ሕንድ ውቅያኖስ የሚሄዱት። ዛምቤዚ ደግሞ ግዙፍ ነው፤ ከገደል ሲወረወር ጉሙ ከሩቅ ይታያል። እሱን በእግር እንሻገር ብሎ የሚከራከር ሰው የለም። አሸዋው እስኪወጣ የሚጎድል፣ እንደ ቀስት ጎብጦ አገርን ከአገር የሚለይ...» ጣቱን ሉሉ ላይ ተከለ። «ሊምፖፖ ነው!»

ሎተሪ የደረሰው ነው የሚመስለው። የእትዬም ፊት በራ።

«ሊምፖፖ» አለች ቀስ ብላ። «የሕፃን ስም ይመስላል። ደግ ወንዝ ነው?»

መምህሩ ሉሉን ወደ ራሱ አዞረ። «በወቅቱ ከሆነ... ደግ ነው።»

«ወቅቱማ አሁን ነው፤ በጋ ነው እኮ።»

እዚህ ጋ ዝም ቢል ምን ነበረበት! ግን አስተማሪ ነው፤ ስሕተት ሰምቶ ማለፍ አይችልም። «አይ፣ እሱስ የተገላቢጦሽ ነው እናቴ» አለ፣ ሉሉን በጣቱ እያሽከረከረ። «ከምድር ወገብ ወዲያ ወቅቱ ይገለበጣል። እኛ ጋ ሲደርቅ እነሱ ጋ ይዘንባል። አሁን እዚያ ዋናው የዝናብ ወራት ነው። የእንዲህ ዓይነት ወንዝ ክፋቱ ደግሞ ላይ የዘነበው ታች ላለው ሰው አይታይም፤ ጠዋት አሸዋ የነበረው ከሰዓት—»

 መምህሩ ቀና አለ። እሱ እትዬ በስልኩ ለልጇ ምን ብላ እንደመለሰች አላወቀም። እኔ ነኝ የማውቀው። እትዬ እኔን አየች፤ እኔ ጫማዬን አየሁ። 

«እኔ ነኝ» አለች። «ተሻገር ያልኩት እኔ ነኝ። የእዚህን ሰማይ አይቼ።»

የመምህሩ እጅ ላላ፤ ሉሉ ከቆርቆሮው ወርዶ ተንከባሎ እግሯ ሥር ቆመ። ማንም አላነሳውም።

«ሁልጊዜ አይሞላም እኮ» አለ መምህሩ። «ምናልባት... እነሱም ዓይን አላቸው፣ አይተው...»

«ሥራልኝ» አለችው። ከሸሚዙ ኪስ እስክሪብቶውን መዘዘችና እጁ ላይ አስጨበጠችው። «በየት በየት ነው የሚሄደው? ሥራልኝ።»

መጀመሪያ በእርሳስ ሳሳ አድርጎ አሰመረላት፣ እንደ ቀስት ደገን አድርጎ ወደ ሰሜን፣ ከዚያ ወደ ምሥራቅ፣ ከዚያ ዘንበል ብሎ ወደ ባሕሩ። እሷ በእስክሪብቶው ደገመችበት። በማግስቱም ደገመችበት። በየጠዋቱ ባልዲውን ትታ እስክሪብቶ ይዛ ትመጣለች፤ ከምንጩ ጀምራ ባሕሩ እስክትደርስ ትንፋሿን ይዛ ታሰምራለች። ኮሪደሩ አቧራ ለበሰ፤ ባልዲው ታች ዝገት ያዘ። ዓይኗ ደም መሰለ፤ ሽርጧ ከሰውነቷ ላይ መዞር ጀመረ።

አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ ሄድኩ። «እትዬ፣ ይሄ እኮ ግድግዳ ነው። ውሃ ወቀጣ ነው የያዝሽው።»

«አውቃለሁ» አለች ሳትዞር። «ሁላችሁም አበደች ትላላችሁ። አላበድኩም። ግድግዳ መሆኑን ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም። ግን ሌላ ምን ልሥራ? አንተ ንገረኝ፤ የምትነግረኝን እሠራለሁ።»

  እስክሪብቶው ሲያልቅባት ሌላ ገዛሁላት፤ የቻልኩት እሱን ነው።

ዳይሬክተሩ የደረሱባት በዚህ መሃል ነው። ከላይ ተቆጣጣሪዎች ይመጣሉ ተብሏል፤ ግድግዳው በሙሉ ክሬም ቀለም ሊቀባ፣ የታተመ ካርታ ሊሰቀልበት ነው። ያንን ሊነግሯት ሲመጡ ነው ወንዙን ስታሰምር ያገኟት፤ ከላይ የሰማችሁት ጩኸት ይኸው ነው። «ልጄ እዚህ ጋ ነው» ስትላቸው መምህሩ ጆሯቸው ሥር ጠጋ ብሎ ነገሩን አጫወታቸው። እኔም ልክ አሁን ሌላ «ማለት ነው» ይመጣል ብዬ ጆሮዬን አቀናሁ። አልመጣም።

ቆሙ። መነፅራቸውን አወለቁ፣ አደረጉ።

«ትእዛዝ ነው» አሉ። «እኔ ብሆን... ሰኞ ነው ቀቢዎቹ የሚመጡት።» ከዚያ ጥቂት ሄደው ጀርባቸውን እንደሰጡ፣ «እግዜር ያውጣልሽ» አሉ። የሚገርማችሁ፣ ይሄን ያሉት በአፋቸው ነው እንጂ በአፍንጫቸው አልነበረም። እስካሁን ላስመስለው ብሞክር እምቢ ብሎኛል።

ዛሬ እሁድ ነው። ግቢው ባዶ ነው። የቀለሙ ጣሳዎች መጥተው ጎጆዬ ውስጥ ተደርድረዋል፤ እግሬን የምዘረጋበት አጥቼ ተኮራምቼ ይሄን እየጻፍኩ ነበር። እትዬ መጣች። ባልዲ የለ፣ እስክሪብቶ የለ። አንዱ ጣሳ ላይ ተቀመጠች።

«አንተ ገደል ማሚቶ።»

«አቤት፣ እትዬ።»

«የልጄን ድምፅ ታወጣዋለህ?»

«...አወጣዋለሁ።»

«እማ ተሻገርኩ በለኝ።»

«እትዬ፣ ይሄስ ይቅር። ግፍ ነው።»

«ነገ ይቀቡታል» አለች። «ውሸት መሆኑን አውቃለሁ። ለጆሮዬ ነው የምጠይቅህ። ለስንቱ ለሳቅ አውጥተኸው የለም? ለእኔ አንዴ ብታወጣው ምን ትሆናለህ?»

ምን ይዋጠኝ? ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩ። ፊቴን ወደ በሩ አዞርኩ፤ እያየኋት አልችልም። መጀመሪያ ሳቁን ለቀቅሁት፣ እሱ እንደሚያደርገው፣ ከዚያ—

«እማዬ!»

ጣሳው ሲንቋቋ ሰማሁ። እስከ ጆሮዬ ድረስ ተጠጋች፣ ስልክ የያዝኩላት ጊዜ እንደተጠጋችው።

«ወዬ ልጄ! በልተሃል?»

«በልቻለሁ» አልኩ። ከዚህ በኋላ «ተሻገርኩ» ልል ነበር። ምላሴ ላይ ነው ያለው። ግን የገደል ማሚቶ ነገር ታውቃላችሁ፤ የተባለውን ነው የሚመልሰው። ያንን ቃል በዚያ ድምፅ ሰምቼው አላውቅም፤ ከየት ላምጣው? አፌ በለመደው መንገድ ሄደብኝ። «ማዶው ሌላ አገር ነው፣ እማ። አሁን እስከ ጉልበት ነው። ግን ላይኛው አገር ዘንቧል ይላሉ... አንቺ ምን ትያለሽ?»

«ቆይ!» ብላ ጮኸች። ክንዴን በሁለት እጇ ያዘችው። «ቆይ ልጄ፣ አትሻገር! ዘንቧል ካሉ ዘንቧል ነው፤ ሰዎቹን ስማ! እናትህ የእዚያን ሰማይ አታውቅም። ቁጭ በል! ከሰው ኋላ ቅር! ሰማኸኝ?»

«እሺ እማ» አልኩ።

ክንዴን አልለቀቀችም። የውጪው በር በነፋስ ይንቋቋል፤ ተነስቼ አልዘጋሁትም። ቆይታ ፊቷን በሽርጧ ጠረገችና ዓይኗ ጉልበቴ ላይ ያለው ወረቀት ላይ አረፈ። እኔ ደግሞ የማይረባ ልማድ አለብኝ፤ ሰው አጠገቤ ዝም ሲል እጄ ይጽፋል።

«የእኔን ነው?» አለች።

«የአንቺን ነው።»

«ወንዙ ጋ ደርሰሃል?»

«ደርሻለሁ።»

«ተሻግሯል ብለሃል?»

«አላልኩም።»

«ወስዶታል ብለሃል?»

«ኧረ አፌን ይቁረጠው!»

«እንግዲያው እዚያው ዳር ላይ ተወው። እሱ ሳይደውል አንተ ምን ብለህ ልትጨርስ ነው? አሁን ደግሞ ምን ትጽፋለህ? የምናገረውን ነው? አንተ ሰውዬ፣ አስቀምጠው ብዬሃለሁ! በቃ፣ አትጻፍ!»